በሬ ሳይሸጡ መታከም፦ የጤና መድኅንና የእስያ አገሮች ልምድ

ከክፍለ ሀገር ታማሚ ይዞ አዲስ አበባ የገባ ቤተሰብ ሜክሲኮን ሳይረግጥ መመለሱ ብርቅ ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ አደባባይ የታክሲ፣ የአውቶቡስና የቀላል ባቡር መገናኛ ነው። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከዚያ በእግር ይደረስበታል፤ በሶቪየት ኅብረት ቀይ መስቀል የተቋቋመውና በዓድዋው ጀግና በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ስም የሚጠራው ሆስፒታልም ከዚሁ ሰፈር ብዙ አይርቅም። ወደ ሆስፒታሎቹ በሚወስዱት መንገዶች ዳር መድኃኒት ቤቶች፣ የምርመራ ላቦራቶሪዎችና የግል ክሊኒኮች አሉ። ጋቢ የለበሰ ገበሬ ማዘዣ ወረቀት በእጁ ይዞ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ማየት ለአካባቢው ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም።

አደባባዩ ስሙን ያገኘው ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር ወረራውን ተቃውማ ከቆመችው ከሜክሲኮ ነው። የሜክሲኮ ርዕሰ ከተማም በአጸፋው «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አላት። ለታማሚው ቤተሰብ ግን ሜክሲኮ ማለት ዋናው ወጪ የሚጀመርበት ቦታ ነው። የታዘዘው መድኃኒት በሆስፒታሉ ከሌለ ከውጭ ይገዛል። የምርመራ መሣሪያው ከተበላሸ ወይም ወረፋው ከረዘመ ምርመራው በግል ላቦራቶሪ ይሠራል። የአስታማሚው ማደሪያና ቀለብ፣ የመጓጓዣው ዋጋ በዚህ ላይ ይደመራል።

በገጠር ይህ ገንዘብ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከበረት ነው። በሬ ለሕክምና ሲሸጥ ታዲያ የሚጎድለው የበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም። ጥማዱ ይፈርሳል፤ በሚቀጥለው ክረምት ገበሬው መቀናጆ ይፈልጋል፤ ካላገኘም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጥና ምርቱን ይካፈላል። ታማሚው ድኖ ቢመለስ እንኳ ቤቱ እንደ ቀድሞው ለመቆም ዓመታት ይፈጅበታል።

ይህ የጥቂት ቤተሰቦች ችግር አይደለም። ሰባተኛው ብሔራዊ የጤና ሒሳብ ጥናት እንዳመለከተው በ2009 በጀት ዓመት በኢትዮጵያ ለጤና ከወጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 31 ብሩን የከፈሉት ታካሚዎች ከኪሳቸው ነበር። የልማት አጋሮች 35 ብር፣ መንግሥት ደግሞ 32 ብር ሸፍነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታካሚው ኪስ በቀጥታ የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ወደሚሆነው ደረጃ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው ቤተሰብ በሕክምና ምክንያት የመደኽየቱ አደጋ እምብዛም የሚሆነው። በሁለቱ አኀዞች መካከል ያለው ልዩነት የሚሸፈነው በበሬ፣ በብድርና በዘመድ ነው።

ገበሬው የቀደመበት መድኅን

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብሎ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተተገበረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። አሠራሩ ለገበሬው እንግዳ አይደለም፤ እድርን ይመስላል። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይም ምርት ሲገባ፣ የቤተሰቡን መዋጮ ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በዓመቱ ውስጥ ሲታመም ውል በተገባባቸው ጤና ተቋማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከማል። መክፈል የማይችሉ ድኾችን መዋጮ ክልሎችና ወረዳዎች ይሸፍናሉ፤ የፌዴራል መንግሥትም ድጎማ ያደርጋል። ልዩነቱ እድር ለቀብር የሚደርስ ሲሆን መድኅኑ ሰውየው ሳይሞት መድረሱ ነው።

በሙከራ ወረዳዎቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አባላት ከአባል ውጭ ከሆኑት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚሄዱ፣ ለሕክምና የሚበደሩትም እንደሚያንስ አሳይተዋል። ዛሬ ሥርዓቱ በአብዛኛው የአገሪቱ ወረዳዎች ተዘርግቷል፤ አባላቱም በብዙ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። በአንጻሩ ለመንግሥትና ለድርጅት ሠራተኞች ታስቦ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ ጤና መድኅን ለዓመታት ሳይተገበር ቆይቷል። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ተመሳሳይ መጠን እንዲያዋጡ የታሰበ ቢሆንም ተቆራጩ ከሠራተኛው በኩል ቅሬታ አስነሥቷል። በዚህ ረገድ ገበሬው የቢሮ ሠራተኛውን ቀድሞታል።

ይሁን እንጂ ከአባላት አዘውትሮ የሚሰማ ቅሬታ አለ። ይኸውም «መዋጮውን ከፍለን ጤና ጣቢያ ስንሄድ መድኃኒት የለም እንባላለን» የሚል ነው። ጤነኛው ደግሞ «ዓምና ከፈልሁ፤ አልታመምሁም፤ ገንዘቤ ባከነ» ብሎ እድሳቱን ይተዋል። በሽተኛው ብቻ የሚቀርበት መድኅን ደግሞ ገበሬ ሁሉ ውኃ እየጠለፈ ማንም ጠረጋ የማይወጣበት የመስኖ ቦይ እንደሚሆነው ሁሉ ውሎ አድሮ ይደርቃል። እነዚህን ጥያቄዎች ከኢትዮጵያ በፊት የእስያ ገበሬዎች ጠይቀዋቸዋል።

ሩዝ አዋጥተው ሐኪም ያኖሩ

በደቡብ ጃፓን ፉኩኦካ ውስጥ ሙናካታ በተባለ አካባቢ ገበሬዎች በየዓመቱ ሩዝ እያዋጡ የመንደራቸውን ሐኪም ያኖሩ ነበር። «ጆሬይ» የተባለው ይህ ልማድ ጃፓን እ.ኤ.አ በ1938 ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን በዋናነት አስባ ላወጣችው የጤና መድኅን ሕግ መነሻ ከሆኑት አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1961፣ መድኅኑ መላውን ሕዝብ አዳረሰ። የጃፓን ሥርዓት ጥንካሬ በመዋጮው ብቻ የመጣ አይደለም። መንግሥት የእያንዳንዱን ሕክምናና የእያንዳንዱን መድኃኒት ዋጋ ይወስናል፤ የሕክምናውንም ተመን በየሁለት ዓመቱ ይከልሰዋል። ሆስፒታሉ የግልም ሆነ የመንግሥት፣ ዋጋው በአንድ ብሔራዊ ተመን የታሰረ ነው።

ደቡብ ኮሪያ መድኅኑን የጀመረችው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ በ1977 ከትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኞች ተነሥታ፣ በ1988 ወደ ገጠር፣ በ1989 ደግሞ በየከተማው በግላቸው ወደሚተዳደሩ ነዋሪዎች አስፋፋችው። ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የፈጀው 12 ዓመት ነው።

ለኢትዮጵያ ገበሬ በጣም የሚቀርበው ግን የቻይና ታሪክ ነው። በማኦ ዘመን የቻይና ገጠር የኅብረት ሥራ የሕክምና ሥርዓትና «ባዶ እግር ሐኪሞች» የሚባሉ፣ ጥቂት ወራት ሠልጥነው እያረሱ የሚያክሙ የመንደር ባለሙያዎች ነበሩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጋራ እርሻዎች ሲፈርሱ ሥርዓቱን የሚደግፈው ገንዘብ አብሮ ጠፋ፤ የገጠሩም ሕዝብ ለሕክምና ከኪሱ ከፋይ ሆነ። እ.ኤ.አ በ2003 መንግሥት አዲስ የገጠር መድኅን ጀመረ። አባልነቱ በፈቃደኝነትና በቤተሰብ ደረጃ ነበር። በመነሻው ገበሬው በዓመት በነፍስ ወከፍ 10 ዩዋን ሲያዋጣ፣ ማዕከላዊና የአካባቢ መንግሥታት 20 ዩዋን ይጨምሩ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገጠሩ ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ አባል ሆነ።

ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። ገበሬው ወደ ሆስፒታል መሄዱ ጨመረ፤ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ግን አልቀነሰም። መድኅን ገብቶ ወጪ ያልቀነሰው ለምንድን ነው?

ዋጋው በናረ ቁጥር የሚያተርፍ ሆስፒታል

ከመልሶቹ አንዱ የመድኃኒት ትርፍ ነበር። የቻይና ሆስፒታሎች ከመንግሥት የሚያገኙት በጀት ትንሽ ስለነበር በሚሸጡት መድኃኒት ላይ 15 በመቶ ጨምረው እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። የ10 ዩዋን መድኃኒት ለሆስፒታሉ 1 ዩዋን ከግማሽ ያስገኛል፤ የ100 ዩዋን መድኃኒት ግን 15 ዩዋን። የሐኪሞች ጉርሻም በብዙ ቦታ ከክፍላቸው ገቢ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ ርካሹ መድኃኒት በቂ በሆነበት ውዱ ይታዘዛል፤ ክኒን በሚበቃበት መርፌ ወይም ግሉኮስ ይጨመራል፤ ሳያስፈልግ ምርመራ ይታዘዛል። ገበሬው ያዋጣው መድኅን ገብቶ የሚፈስሰው በዚህ ቀዳዳ ነበር።

ሐኪሙ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሥርዓቱ ለታማሚው የሚሻለውን ያዘዘውን ሐኪም ያከስራል፤ የሚያስከፍለውን ያዘዘውን ይሸልማል። ቻይና ይህን ለመንቀል ዓመታት ፈጅቶባታል። እ.ኤ.አ በ2009 በታችኛው እርከን ባሉ ጤና ተቋማት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ላይ ትርፍ መያዝን መከልከል ጀመረች፤ በ2017 ክልከላው ወደ ሁሉም የመንግሥት ሆስፒታሎች ደረሰ። የጎደለውን ገቢ ለመተካት የሐኪሙ የምርመራና የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ዋጋ ከፍ ተደረገ፤ በጀትም ተጨመረ።

የመድኃኒት አምራቾችም በዚህ ጨዋታ ውስጥ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ2014 የቻይና ፍርድ ቤት የእንግሊዙን ጂ.ኤስ.ኬ መድኃኒቶቹ እንዲታዘዙለት ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች ጉቦ ሰጥቷል በሚል ጥፋተኛ ብሎ 3 ቢሊዮን ዩዋን ቀጥቶታል። በጊዜው ወደ 490 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማለት ነው።

ደቡብ ኮሪያም ከዚህ አላመለጠችም። እስከ እ.ኤ.አ 2000 ድረስ ሐኪሙ ራሱ አዝዞ ራሱ መድኃኒቱን ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ማዘዝና መሸጥ በሕግ ተለያዩ፤ ሐኪሙ እንዲያዝ፣ ፋርማሲስቱ እንዲሸጥ ተደነገገ። ሐኪሞች በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት የሕክምና ክፍያቸውን ከፍ እያደረገ ሕጉን አጸና። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ከመድኃኒት ኩባንያ ጉቦ የሰጠ ብቻ ሳይሆን የተቀበለ ሐኪምም የሚቀጣበት ሕግ ወጣ። ሕንድ በበኩሏ እ.ኤ.አ በየካቲት 2017 የተጠበበ የልብ ደም ሥርን ለማስፋት በሚገባው ስቴንት ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለች። መድኃኒት የተቀባው ዓይነት ከ30 ሺህ ሩፒ በታች እንዲሸጥ ተወሰነ፤ ከዚያ በፊት ታማሚው ከ100 ሺህ ሩፒ በላይ ሲከፍልበት የኖረ ዕቃ ነው። በመካከል የነበረው ልዩነት በአከፋፋዩና በሆስፒታሉ መካከል ሲከፋፈል ኖሯል።

ታይላንድ ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ በ2001 የተጀመረውና በ2002 በሕግ የጸናው ሥርዓት መጀመሪያ ላይ «የ30 ባት» ይባል ነበር፤ ታማሚው በአንድ ጉብኝት 30 ባት ብቻ ስለሚከፍል። ገንዘቡ የሚመጣው በየቤቱ ከሚሰበሰብ መዋጮ ሳይሆን ከአጠቃላይ ግብር ነው። ለተመላላሽ ሕክምና ሆስፒታሉ የሚያገኘው በሸጠው መድኃኒት ልክ ሳይሆን በተመዘገበለት ሰው ቁጥር ልክ ነው። አላስፈላጊ መድኃኒት ማዘዝ በዚህ ስሌት ትርፍ መሆኑ ቀርቶ ኪሳራ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ሆስፒታሉ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል የሚገባውን ሕክምና እንዳይነፍግ ክትትል ይሻል። አገሪቱ አዲስ የሚመረቁ ሐኪሞችን ገጠር ሄደው እንዲያገለግሉ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማስገደዷ ባይኖር ኖሮ ግን ገንዘቡ ብቻውን የትም አይደርስም ነበር። በታይላንድ ከታካሚው ኪስ የሚወጣው ገንዘብ ዛሬ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ከ15 በመቶ በታች ነው።

ቁጥጥር የሌለው መድኅን ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ሕንድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ በ2018 ለድኻ ቤተሰብ በዓመት እስከ 500 ሺህ ሩፒ የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍን ግዙፍ መርሐ ግብር ጀምራለች። በ2023 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ባወጣው ሪፖርት ወደ 750 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎች በአንድ የስልክ ቁጥር ተመዝግበው ተገኝተዋል፤ ቁጥሩም ዘጠኝ፣ ዘጠኝ እየተባለ እስከ መጨረሻው የተሞላ ነበር።

የባንኮክ ሁለት ታማሚዎች

በኢትዮጵያ ሕክምናው አልተገኘም ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ሕንድንና ታይላንድን ነው። በቴሌቪዥን፣ በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ «ወደ ውጭ ሄዶ እንዲታከም እርዱን» የሚል ጥሪ የተለመደ ሆኗል። በባንኮክ አንድ ከተማ ውስጥ የታይላንዱ ገበሬ በመንግሥት ሆስፒታል ከሞላ ጎደል በነጻ ሲታከም፣ ከኢትዮጵያ የሄደው ታማሚ ለውጭ ዜጎች በተዘጋጀ የግል ሆስፒታል በዶላር ይከፍላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሬ ለውጥ በፊት ከ60 ብር በታች የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል፤ ዋጋው በዶላር የሚቆረጥ ሕክምናም እንደዚያው ጨምሯል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ከአገር ውጭ የሚደረግን ሕክምና አይሸፍንም።

በዚህ መስመር ላይ ደላሎችም አሉ። ታማሚ ለሚልክላቸው ሰው ኮሚሽን የሚከፍሉ የውጭ ሆስፒታሎች መኖራቸው በዘርፉ የታወቀ ነው። ምክር የሚሰጠው ሰው ከምክሩ የሚያተርፍ ከሆነ በቻይና ሆስፒታሎች የታየው ነገር እዚህም ይደገማል። ስለዚህ ቤት ወይም መሬት ከመሸጡ በፊት ታማሚው ከአንድ በላይ ስፔሻሊስት አስተያየት መቀበል፣ ሕክምናው በአገር ውስጥ መጀመሩንም ማጣራት አለበት። ለአብነት የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም መጀመሪያ አንሥቶ ተጀምሯል።

ማዘዣውን የያዘው ሰው

በኢትዮጵያ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ለየብቻቸው ፈቃድ ይወጣላቸዋል፤ ኮሪያ በሥራ ማቆም አድማ መካከል ያገኘችው ነገር እዚህ በሕግ ደረጃ አለ። በሌላ በኩል የመንግሥት ጤና ተቋማት ከመድኃኒት ሽያጭ ጭምር የሚያገኙትን የውስጥ ገቢ መልሰው እንዲጠቀሙ ተፈቅዶላቸዋል። ገንዘቡ ብዙ ጤና ጣቢያዎችን አሻሽሏል። የመድኅኑ ወጪ እያደገ ሲሄድ ግን ይህ ገቢ በማዘዣው ላይ ተጽዕኖ እንዳያሳድር ከአሁኑ መታየት ያለበት ነው። በብዙ ቦታ የመድኃኒት እጥረቱ ገና ሳይፈታ ስለ ትርፍ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እጥረቱ ራሱ ነው ታማሚውን ከመንግሥት መስኮት አውጥቶ ዋጋ ወደማይታወቅበት ገበያ የሚጥለው።

እስከዚያው ድረስ ማዘዣ ይዞ ሜክሲኮ የቆመው ሰው ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነገር አለ። መድኃኒት ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ሲሆን ሌላው አምራቹ የሰጠው የንግድ ስም ነው። ማዘዣው በመጀመሪያው ስም ከተጻፈ ፋርማሲስቱ በተመዘገቡት ምርቶች መካከል የረከሰውን መስጠት ይችላል፤ ታማሚው ሐኪሙን «በዋናው ስሙ ይጻፉልኝ» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። በሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ከታጣ በቅድሚያ የከተማ አስተዳደሩን ከነማ መድኃኒት ቤቶችና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን መጠየቅ ይገባል፤ ከዚያም ከመግዛት በፊት ሁለትና ሦስት ቦታ ዋጋ ማነጻጸር። የመድኅን አባል ከሆነ ደግሞ ከጤና ጣቢያው የተነሣ የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪው ወይም ከፊሉ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አዲስ አበባ ድረስ ከተላከም የወረዳው መድኅን ከሚሄድበት ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ አለበት። መድኃኒቱ አለመኖሩን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ማዘዣና የግዥ ደረሰኝ አብረው ካልተያዙ ከወረዳው ገንዘብ መልሶ መጠየቅ አይቻልም።

ሕክምናውን ጨርሶ ወደ መናኸሪያ ከማቅናቱ በፊትም ሐኪሙ ለላከው ሆስፒታል የሚጽፈውን የመልስ ወረቀት መቀበል ይኖርበታል። የሚቀጥለውን ክትትል ደሴ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ ለማድረግና ለአንድ ቀጠሮ ብሎ ዳግመኛ ሜክሲኮ ላለመምጣት የሚያስችለው ያ ወረቀት ነው።